ቀሪቦን ቢራ ላደረጉልን ኃላፊ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወደ ደብዳቤው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ለባለቤቴ አትንገሩብኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ እሱ ከእናንተ ቀድሞ ሰምቷል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወይዘሮ ሻሼ ቤት ተቀምጬ፣ መሥሪያ ቤት «ከአልኮል ነፃ» ብሎ በአረንጓዴ ወረቀት የመሰከረለትን መጠጥ ሁለት ጣሳ ጠጣሁ፤ ወሬው ሲጥመኝ ደግሞ ሦስተኛውን አስቀዳሁ። ከዚያ ቀጥ ብዬ፣ ቀጥ ያልኩ መስሎኝ ነው እንግዲህ፣ ወደ ቤቴ ሄጄ ቁልፌን ባስገባ በሩ አልከፈት አለኝ። ቁልፉን ሰደብኩ፤ ቁልፉን የቀረጸውን ሰው ሰደብኩ፤ በመጨረሻም በሩን በጫማዬ መታሁት። በሩ ከውስጥ ተከፈተና ጎረቤታችን ፓስተሩ ፎጣ ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ብቅ ብለው «እኅት ኦብሴ፣ በሰላም ነው?» አሉኝ። የራሴ በር አንድ ቤት ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል። ባለቤቴ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣና «ምን ጠጥተሽ ነው አንቺ ሴት?» ሲለኝ «ለስላሳ» አልኩት። ደግሞም አልዋሸሁም፤ ወረቀቱ ተለጥፎ አለ፣ ሄዳችሁ አንብቡ።

ይህ ለስላሳ ከወዴት እንደመጣ ሳጠያይቅ ግን በወይዘሮ ሻሼ ቤት ግድግዳ ማዶ የእኔን ኀፍረት ጨዋታ የሚያደርግ የሌላ ሴት ኀፍረት አገኘሁ። ስለዚህ የዛሬውን ገጼን ለአንድ ሹም ሰጥቻለሁ። እናንተም የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው ሳትሉ አንብቡ።

ለክቡር አቶ ጆቴ መርዳሳ
የመጠጥ ምደባና ሽያጭ ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

አካም ጅርቱ? እንደምን ሰነበቱ? በሁለት ቋንቋ መጠየቄ የእርስዎ ጤንነት ለሰፈራችን በእጥፍ የሚያስፈልግ ስለሆነ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከመሬት በሚያነሳበት በዚህ ሰሞን የቢሮዎ መስኮት ደህና አድርጎ እንዲዘጋልዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ከጠረጴዛዎም ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ ነፋስ እንዳይወስድብዎ ከልብ እመኛለሁ። የግድ አንዲት ወረቀት ከነፋስ ጋር የምትሄድ ከሆነ ግን ቀይዋ እንድትሆን ጸሎቴ ነው።

ክቡርነትዎ ላደረጉልን ነገር የሰፈራችን ሰው በየቤቱ እያነሳ ያመሰግንዎታል። ምስጋናው የሚነገርባቸው ቃላት ለመጽሔት የማይመቹ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ እኔ በጨዋ አማርኛ አለዝቤ እንደሚከተለው ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ መመሪያዎ ጥበብ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወረቀት ያስለጠፉበት ቦታ ስለሆነም ሊያውቁት እንደሚገባ፣ ከመስጊዱ አጥር ወረድ ብሎ አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ። በቀኝ በኩል ወይዘሮ አሚራ ቀሪቦ ትሸጣለች፤ ገብስ እስኪጠቁር ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚያድር፣ ሕፃኑም ሐጂውም ፓስተሩም የሚጠጣው፣ ከሰርግ ጠረጴዛም ከረመዳን ማፍጠሪያም የማይጠፋ መጠጥ ማለት ነው። በግራ በኩል ወይዘሮ ሻሼ ጠላ ትሸጣለች፤ ጠላ ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ሁለቱ ሴቶች ገብሳቸውን በአንድ ጋሪ እያስጫኑ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የጎረቤቷን ደንበኛ እያስተናገደች፣ የማን ምን እንደሆነ ሳይምታታባቸው ስንት ዘመን ኖረዋል። ሰፈሩም ሳይምታታበት ኖሯል። እስከ እርስዎ ድረስ ማለቴ ነው።

የመመሪያዎ አንቀጽ «እርሾና ስኳር ተጨምሮበት የፈላ ማንኛውም መጠጥ የአልኮል መጠጥ ነው» ይላል። ይህንን አንቀጽ አስይዘው የላኩልን ሁለት ተቆጣጣሪዎች፣ አቶ ማናሴና አቶ አብዱናሲር፣ ለሰላምታ እንኳ ቆመው የሚያዳምጡ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። አቶ ማናሴ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናቸው፤ አቶ አብዱናሲርን ጁምዓ አያልፋቸውም፤ ሁለቱም መጠጥ የሚባል ነገር በከንፈራቸው ነክተው አያውቁም። ይህ ሁሉ ቢራ ቤት ባለባት ከተማ መካከል፣ ለመጠጥ ምደባ ሥራ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ሁለት ሰዎችን ለይቶ ማግኘት ቀላል ድካም እንዳልነበረ እገምታለሁ።

እንደ እምነታቸውም አልቀመሱም፤ ጠየቁ እንጂ። አቶ ማናሴ አሚራን «እርሾ ትጨምሪበታለሽ?» አሏት። «አዎ ወንድሜ» አለች። «ስኳርስ?» «ያለ ስኳር ማን ይጠጣዋል?» አለች፤ ቀይ ወረቀት ተለጠፈባት። ተሻግረው ሻሼን «እርሾ?» አሏት። «እርሾ ለዳቦ ነው፤ ለእኔ ጌሾው ይበቃዋል።» «ስኳር?» «ስኳር በዚህ ዋጋ? አብጃለሁ እንዴ!» አረንጓዴ ተለጠፈላት። አቶ አብዱናሲር ከጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲቃኑ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ማናሴ፣ ይሄ ነገር እኮ ይሸታል» ማለታቸውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አቶ ማናሴም መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ገልጠው አይተው «ሽታ የሚል አንቀጽ የለም» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ የለም።

፪. በዚህ ምደባ ምክንያት የሁለቱም ቤቶች ደንበኛ ተበጥብጧል። ከጅቡቲ መንገድ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች የአሚራን ቀይ ወረቀት ከሩቅ እያዩ መኪናቸውን ማቆም ጀመሩ። አንደኛው ባለፈው ሳምንት አንድ ማሰሮ ቀሪቦ ብቻውን ጨርሶ፣ ጺሙን ጠርጎ፣ መጠበቅ ጀመረ። ጠበቀ፣ ጠበቀና «እማማ፣ ይሄ ቢራሽ እስካሁን አልያዘኝም፤ በውሃ አቅጥነሽዋል፤ ገንዘቤን መልሺ» ብሎ ጠብ አነሳ። አሚራ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ሰው አሰከረች ተብላ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ አላሰከረችም ተብላ ተከሰሰች።

በሻሼ በር ላይ ያለው አረንጓዴ ወረቀት «ከአልኮል ነፃ፤ ለቤተሰብ ተስማሚ» ይላል። ስለዚህ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን እያስከተሉ ይመጣሉ፤ እሷም ጣሳዋን በእጇ ይዛ «ሂዱ ከዚህ! ልጅ ይዞ ጠላ ቤት ይመጣል?» እያለች ስታባርራቸው ትውላለች። ይህም ለንግድ የተሰጣትን ድጋፍ አለመጠቀም ነው ተብሎ እንዳይቆጠርባት እሰጋለሁ። የቆዩ ደንበኞቿማ ተቀይመዋል። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ «እንዴ! እኛ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን በለስላሳ ነው የተደባደብነው?» ብለው አዝነው ሄዱ።

፫. ስለ ግብሩ። ግብር ልማት ነው፤ እኛ ግብር ጠል ሰዎች አይደለንም። በቢራው ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ጠርሙስ አዝዘን ሁለት ብርጭቆ ማስመጣት ለምደናል፤ ሶደሬ የምንሄደው ለመታጠብ ብቻ ሆኗል፤ አላጉረመረምንም። አሚራም እንደ ቢራ ጠማቂ የተጫነባትን ግብር ስትሰማ አንድ ጊዜ «ያ ረብ» ብላ ወደ ገብሷ ተመለሰች። እዚህ ላይ የማነሳው ግን የሌላዋን ሴት ነገር ነው። ወይዘሮ ሻሼ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠላውን በጠርሙስ ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ ነበር፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። በመስኮቱ የተቀመጠችውን ሠራተኛዎን «ልጄ፣ የሚያሰክረው የእኔ ነው። አሚራ ምንም የለባትም። ግብሩንም ቀዩንም ወረቀት ወደ እኔ አዙሩት» አለቻት።

«እማማ፣ ፋይልዎ ለስላሳ ነው የሚለው። በለስላሳ ላይ የቢራ ግብር ከጠየቅን እኛ እንጠየቃለን።»

«ታዲያ ቅመሺው!»

«ሥራ ላይ መጠጥ ክልክል ነው።»

«ለስላሳ ነው አላልሽኝም እንዴ አሁን?»

ልጅቷ ይህንን ስትሰማ መስኮቱን በቀስታ ሳበችው። ክቡርነትዎ፣ ሰው ከግብር ለመሸሽ ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ራሴም አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግብር ጣሉብኝ ብሎ ለምኖ የተመለሰ ሰው ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

፬. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የቀለድኩት ይህችን ለመናገር ጉልበት ላግኝ ብዬ ነው። አሚራ ቀመሪያ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ኮሌጅ የምትማር፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳት ልጅ ናት። በሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ አንድ ጨዋ ወጣት አይቷት፣ ወድዷት፣ በወግ በማዕረግ ሽማግሌ ላከ። ቀኑ ተቆርጦ፣ የልጁ ወገኖች ከሻሸመኔ ሊመጡ ሆነ። መሪያቸው የልጁ አክስት ወይዘሮ ኡሙሰልማ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ያላሉት ነገር በዚያ ቤት አይሆንም ይባላል።

አሚራ የዚያን ቀን ጠዋት ቀዩን ወረቀት በመጋረጃ ልትሸፍነው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ግርጌ «ምልክቱን ማንሳት፣ መቅደድ ወይም መሸፈን ያስቀጣል» የሚል ተጽፏል። ስለዚህ ሻሼ አንድ መላ ፈጠረች። መመሪያዎ ሰው በር ላይ ተደግፎ እንዳይቆም አይከለክልም። እንግዶቹ ከሚኒባስ ሲወርዱ ሻሼ ጀርባዋን ወረቀቱ ላይ ለጥፋ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ እንደ ክብር ዘበኛ ቀጥ ብላ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሚያሳዝነው ሻሼ ቀጭን ናት፤ ወረቀትዎ ደግሞ ሰፊ ነው።

ወይዘሮ ኡሙሰልማ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። «እስቲ ትንሽ ወዲያ በዪልኝ እታለም» አሏት። ሻሼ «ምነው፣ ግቡ እንጂ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብላ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገች። አልሆነም። ወይዘሮ ኡሙሰልማ አንገታቸውን አስግገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ አነበቡት፦ «በዚህ ቤት የአልኮል መጠጥ ይመረታል፤ ይሸጣል። ዕድሜያቸው ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆኑ እንዳይገቡ።» በነገራችን ላይ ሙሽራዋ ሃያ ዓመቷ ነው። በመመሪያዎ መሠረት ከእናቷ ቤት መግባት አትችልም ማለት ነው፤ ተድራ የምትወጣውስ ገብታ አይደል?

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ አሚራ?»

«ስህተት ነው እኅቴ፣ ወላሂ ቀሪቦ ነው።»

«ቀሪቦ ከሆነ መንግሥትን ምን አስዋሸው?»

እዚህ ላይ ሻሼ አላስችል ብሏት «እታለም፣ ጠላው የእኔ ነው! በማርያም እምላለሁ የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ኡሙሰልማ ወደ ጎረቤቱ በር ዞረው አረንጓዴውን ወረቀት ረጋ ብለው አነበቡና «ለቤተሰብ ተስማሚ ብለሽ ለጥፈሽ ነው በማርያም የምትምይው?» አሏት። ከዚያም የአሚራን ሁለት እጆች ያዙ። «አሚራ፣ እኔ አንቺን አምንሻለሁ። የሻሸመኔ ሰው ግን እኔ ያመንኩትን ሳይሆን እነዚህ ሰዎች በር ላይ ያነበቡትን ነው የሚያወራው። ረመዳን ሳይገባ አንድ እሑድ ቀርቶናል። የዚያን ዕለት ተመልሰን እንመጣለን፤ ያ ወረቀት ከወረደ ኒካሁ ይታሰራል። ካልወረደ ግን ከመጠጥ ቤት ሙሽራ አላወጣም» አሉና ወደ ሚኒባሳቸው ተመለሱ። የተዘጋጀላቸውን አንድም ሰው አልቀመሰም፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ነው የሄዱት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አሚራ ጋ ሄጄ ነበር። ዕቃዋን እያጠበች «ኦብሴ፣ ግብሩን ይውሰዱ፤ ጀሪካኑንም ይውሰዱት። ልጄ ግን አሁን በፊት ለፊት በር አትወጣም። በሻሼ ጓሮ ዞራ ነው ኮሌጅ የምትሄደው» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ይህንን የሚያህል ሥራ በአንድ ወረቀት መሥራት መቻልዎን ስመለከት፣ ሁለት ወረቀት ቢለጥፉ ምን ሊሆን ይችል ነበር ብዬ እፈራለሁ።

፭. የቅሬታ ሥርዓትዎም እንዲሁ ሳይመሰገን ማለፍ የለበትም። ቀዩ እንዲነሳ መጠጡ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት፤ መልካም። ናሙናው ከቤት ሲወጣ ግን የአልኮል ማጓጓዣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሺ። የማጓጓዣ ፈቃድ የሚሰጠው የአልኮል ንግድ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። እንግዲህ አሚራ መጠጧ አልኮል አለመሆኑን ለማስረዳት አስቀድማ የአልኮል ነጋዴ ነኝ ብላ መፈረም አለባት። የማመልከቻው ቃል «እኔ የአልኮል መጠጥ አምራችና ሻጭ የሆንኩት» ብሎ ይጀምራል። አቶ አብዱናሲር ራሳቸው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በገዛ እግራቸው መጥተው «እኅቴ፣ ፈርሚውና ነገሩ ይለቅ» ብለው ለምነዋታል። አሚራ እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ መልሳ ሰጠቻቸው። «ይሄንን ከፈረምኩማ እውነት ሆነ ማለት ነው» አለች። እሳቸውም ተነስተው፣ በር ላይ ሲደርሱ በገዛ እጃቸው የለጠፉትን ወረቀት ላለማየት አንገታቸውን አዙረው ወጡ። በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው የምነግርዎ፤ እንዳይቀጡብኝ አደራ።

በተረፈ ባለፈው ረቡዕ የጽሕፈት ቤትዎን የግማሽ ዓመት ሥራ ግምገማ እንድዘግብ ስለጋበዙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለስብሰባው የሚሆን መጠጥ አረንጓዴ ምልክት ካላቸው ቤቶች ብቻ እንዲገዛ ማዘዝዎ የራስን መመሪያ በራስ ላይ የማስከበር አርአያ ነው። ከወይዘሮ ሻሼ ቤት በጀሪካን የመጣው ለስላሳ ሲቀዳ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አይቻለሁ። አቶ ማናሴና አቶ አብዱናሲር ብርጭቆውን አስቀምጠው እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከዚያ አቶ አብዱናሲር ቀስ ብለው ሲያሸቱት፣ ፊታቸው ሲፈታ፣ ለአቶ ማናሴም በአገጫቸው «ጠጣ» የሚል ምልክት ሲሰጡ አይቻለሁ። ክቡርነትዎ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አልነበረብዎትም። የመጀመሪያውን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱ፤ ሁለተኛውን ስለ ገቢ ዕድገቱ እያብራሩ፣ ሦስተኛውን ከጭብጨባው በኋላ ጠጡ። ብርጭቆዎን ከፍ አድርገውም «የአገር ምርት ማለት ይሄ ነው! አይከብድ፣ አያሰክር። ሕዝባችን ይሄንን ትቶ ለምን ቢራ ይጠጣል?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ የመጽሔታችን ፎቶ አንሺም አረፋው ከከንፈርዎ ሳይጠረግ ጥሩ አድርጎ አንስቶዎታል። ከዚያም ስድስት ደብዳቤ ፈርመው፣ አንድ ሠራተኛ ገሥጸው፣ መኪናዎን ራስዎ እየነዱ ወደ ሞጆ ስብሰባ ሄዱ። እንደዚህ ያለ ብርቱ መሪ ስለሰጠን ፈጣሪን አመስግኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና አብዝቶ እንዲሰጥዎ፣ መመሪያዎም እንደ አዳማ አቧራ ከቤት ወደ ቤት ገብቶ ሁሉን እንዲዳስስ እየተመኘሁ፣ በቀይና በአረንጓዴ ወረቀት መካከል ሆኜ የራሴን በር የምፈልግ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ ውሃ እንኳ ለማፍላት የምፈራ፣ ታዛዥዎና አክባሪዎ፣

ኦብሴ ጉርሜሳ
አዳማ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ ሻሸመኔ (በቤታቸው የሚጋገረው ዳቦ እርሾም ስኳርም ስለሚገባበት፣ ለጥንቃቄ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አልፌያለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የስብሰባው ትእዛዝ ሲደርሳት ወይዘሮ ሻሼ «ይሄ ያሰክራል፣ አላቀርብም» ብላ ነበር። «ያሰክራል አያሰክርም የሚለውን የሚወስነው መመሪያው ነው፤ ካላቀረቡ ፈቃድዎ ይሰረዛል» ተባለች። አስባ አስባ፣ ከራሷ ፈቃድ ይልቅ እነዚያ መጠጥ ነክተው የማያውቁ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አሳዘኗት፤ «የሰው ሃይማኖት በእኔ ጣሳ አይፈርስም» አለች። ረቡዕ ጠዋት ጀሪካኖቿን አጥባ ወደ ጎረቤቷ ተሻገረችና ሁሉንም የአሚራን ቀሪቦ ሞልታ ላከችልዎ። አሁን እርስዎም እንደ እኔ ተገንዝበውት ይሆናል፤ ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የጠጡት ከቀዩ ቤት የወጣውን ነው።

ስለዚህ እሑድ ማለዳ የሻሸመኔው ሚኒባስ ከመድረሱ በፊት ከአሚራ በር ፊት ለፊት ቆሜ እጠብቃለሁ። ወረቀቱ ወርዶ ካገኘሁት፣ ቀሪቦ እንደማያሰክር በራሳቸው ሆድ መርምረው የመሰከሩ አስተዋይ ኃላፊ አሉን ብዬ፣ ከሰርጉ ድንኳን ሆኜ፣ ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ። ወረቀቱ በቦታው ካለ ደግሞ በሥራ ሰዓት ሦስት ብርጭቆ የአልኮል መጠጥ ጠጥተው፣ ስድስት ደብዳቤ ፈርመው፣ መኪና የነዱ ኃላፊ አሉን ብዬ ያንኑ ፎቶግራፍ አያይዤ እጽፋለሁ። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው መመሪያዎ ነው። እስኪወስኑ ድረስ ግን ክቡርነትዎ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል፣ በእግርዎ ቢሄዱ።